አባን በቴሌቪዥን አየነው

ለወንድሜ ለሙስዐብ ጀይሉ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱሏሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ክረምት ሲገባ የሚያስቸግርህ ሳልስ ተወህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ልጄ አፍናን ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች፣ የጨፋ ሜዳም ዝናቡን ጥሩ ይዟል። ቤታችን ግን ደኅና አይደለም። ስልክ ብደውል "ስብሰባ ላይ ነኝ" ብለህ ትዘጋብኛለህ፤ ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልህ።

ለአረፋ የሠራኸውን ፊልም አይተናል። ጎረቤታችን ሙሀመድኑር ቴሌቪዥኑን ግቢው ዳስ ሥር አውጥቶ ሰፈሩን ሁሉ ጠራ። አባ አዲሱን ሽርጥ አሸርጦ ከፊት ተቀመጠ፤ "የልጄ ሥራ ነው" ማለቱን አላቆመም። ታሪኩን ቀደም ብለህ ነግረኸኝ ነበር፦ በገና ዋዜማ መናፍስት እየመጡ ያለፈውንና የሚመጣውን የሚያሳዩት አንድ ስስታም ሽማግሌ። ፈረንጆቹ አንዴ በካርቱን፣ አንዴ በዘፈን እየለዋወጡ እንደሚሠሩት፣ አንተ ደግሞ ገናውን በአረፋ ለውጠህ የእኛን ልብስ እንደምታለብሰው። ልብሱ የአባ ልብስ መሆኑን ግን አልነገርከኝም። ወፍጮ ቤቱ የእሱ ነው፣ አካሄዱ የእሱ ነው፣ የተጣመመ ምስማር አቃንቶ መልሶ መምታቱም የእሱ ነው። ሰው ሳቀ፤ አባም አብሮ ሳቀ። ቆጣቢ መሆኑን መቼ ክዶ ያውቃል?

ከዚያ ያቺን ልጅ አመጣህ። አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች፣ በትኩሳት የምትቃጠል የሰባት ዓመት ልጅ። ሽማግሌው ደሴ ሆስፒታል የሚያደርሳትን መኪና "ውድ ነው" ብሎ ሲከለክል፣ መንፈሱም መቃብሯን ሲያሳየው፣ ይስቅ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አባን አየው። ያንተ ሽማግሌ ሲነጋ ነቅቶ፣ መኪና ጠርቶ ልጅቷን አዳናት። የእኛ ታናሽ እህት ሪሀና ከሞተች ግን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።

ሙስዐብ፣ እኔና አንተ እንኳ አንሸዋወድም። ያን ቀን እማ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ባቲ ሄዳ ነበር። አባ ሪሀናን አቅፎ፣ አስፋልት ውጣና መኪና ጥራ ብሎ የላከው አንተን ነው። አንተ ቪዲዮ ቤት ገባህ። "ትንሽ ብቻ ልይ ብዬ ነው" ያልከኝ ፊልም ይኸው የሽማግሌውና የመናፍስቱ ታሪክ ነበር። ፈልጌ ያወጣሁህ እኔ ነኝ። ስንመለስ አባ ሪሀናን እንዳቀፈ መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኘነው፤ ነፍሷ ወጥታ ነበር። አሥራ አራት ዓመትህ ስለነበር አንድም ቀን ወቅሼህ አላውቅም። አባም ለእማ "መኪና ጠፋ" አላት። ለእኛ ደግሞ "ይህ ነገር ከሦስታችን አይውጣ፤ እናታችሁ ከሰማች የሙስዐብን ዓይን ማየት ትጠላለች" አለን። እሱ የሸፈነልህን ጥፋት አንተ በእሱ ላይ ለጠፍከው። እንዴት አስቻለህ? ስትጽፈው እጅህ አልተያዘም?

እንግዳው ሲበተን እማ አባን፣ ልጁ የሠራው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። አፌን ልከፍት ስል አባ በዓይኑ ገላመጠኝ።

"እውነት ነው። የከለከልኩት እኔ ነኝ" አላት።

እማ ልብሷን በፌስታል ይዛ እኔ ቤት መጣች፤ የአባ ስም ሲነሳ ተነስታ ትወጣለች። አባ ወፍጮ ቤቱን ዘግቷል፤ ለጁሙዓ እንኳ መጨረሻ ገብቶ መጀመሪያ ይወጣል። ይህን እንዳልጽፍልህም ለምኖኛል። እኔ ለእማ ብነግራት፣ ለአባቷ አድልታ ነው ትላለች እንጂ አታምነኝም። ስለዚህ መጥተህ በገዛ አፍህ ንገራት። አንተን ታምንሃለች።

አፍናን አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ሙሀመድኑር ሰላም ብሎሃል፣ ግን እንደ ድሮው ረዘም አድርጎ አይጠይቅም። አባ፣ በደንብ ይብላ በይው ብሏል። እማ ከሁሉም አብልጣ ሰላም ትልሃለች። ከየሶላቷ በኋላ እጇን ዘርግታ "የሪሀናን እውነት ያወጣልኝ ልጄ፣ ረቢ ያሳድግህ" እያለች ዱዓ ታደርግልሃለች።

እህትህ ዘምዘም ጀይሉ
ከሚሴ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.