ክረምት አንቺ፣ በጋ እኔ

ወገዳ፣ ታኅሣሥ 1979 ዓ.ም.

ይድረስ መካነ ኢየሱስ ላለችው አበልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ስንዴው ተወቅቶ ገባ? ከባልሽ፣ ከዘመተበት፣ ወሬ አለ? የክርስትና ልጄ ባንቺዓለምስ እንዴት ናት? የእኔን ጤና ከጠየቅሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ከስቻለሁ። ቆሜ ማስተማር ስለሚያደክመኝ ወንበር አስገብቼ ተቀምጬ ነው የማስተምር። ልጆቹ “መምህርት ዳኛ ሆኑ” እያሉ ይስቃሉ። ግን አለሁ።

ይህን በወልደ ሰንበት እጅ ልኬልሻለሁ። እሱ እንደምታውቂው ጨውና መልእክት በአንድ በቅሎ የሚጭን ሰው ነው፤ እንደ ወትሮው በቃል ብልክበት ያደርስልኝ ነበር። ይህን ነገር ግን ሌላ አፍ እንዲያልፍበት አልፈለግሁም። ከመጀመሪያው ነው የምጀምር፤ አንቺ የምታውቂውንም እጽፋለሁ፤ ረስተሽው እንደሆነ ብዬ።

የተዋወቅነው ሆስፒታል፣ በሴቶቹ ክፍል አልጋ ለአልጋ ተኝተን ነው። ስኳር በሽታ መሆኑን ሁለታችንም የሰማነው በዚያው ሰሞን ነበር። አንቺ አራስ ነበርሽ፤ ልጅሽ ጎንሽ ተኝታለች። መርፌውን ራስሽን በራስሽ ውጊ ሲሉሽ ፈርተሽ አለቀስሽ። ቀድሜ ራሴን ወግቼ አሳየሁሽ። “አንቺማ አስተማሪ ነሽ፤ የሰው ልጅ ማሳመም ለምደሻል” ብለሽ ክፍሉን ሙሉ አሳቅሽ። ልጅቱ ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ክርስትና አንሺልኝ ብለሽ ላክሽብኝ፤ መጥቼ አነሣኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አበልጆች ሆንን። ወገዳ ውስጥ እኅት አለሽ ወይ ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ አለችኝ፣ መካነ ኢየሱስ ናት ነበር መልሴ።

መድኃኒቱ የሚሰጠው በየወሩ ነው። ለእያንዳንዱ መንገድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት፣ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አውቶቡሱም ከእናንተ ከተማ ነው የሚነሣ። ክረምት ሲሆን ደግሞ የወገዳ መንገድ ጭቃ ነው፤ መኪና አይገባበትም። “ወንፈል እንግባ” ያልሽው አንቺ ነሽ። ገበሬ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ተጋግዞ እንደሚያርስ፣ እኛም ክረምት አንቺ፣ በጋ እኔ እየሄድን የሁለታችንን ስም ጠርተን እንድንቀበል። ካርዳችን እዚያው ስለሚቀመጥ አላስቸገሩንም። ስንት ክረምት እንዲህ ኖርን። ጎርፍ ሲሞላ እንኳ መድኃኒቴ ቀርቶብኝ አያውቅም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቅል ውስጥ ሆኖ ይደርሰኝ ነበር።

ያለፈው ሐምሌም ደረሰኝ። ነሐሴ ላይ ግን ወልደ ሰንበት ባዶውን መጣ። “መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ አልመጣም፤ ያለው ለግንባር ነው፤ ታገሺ ብላሻለች” አለኝ። አመንሁ። ጊዜው እንዲህ ያለ ነገር የሚታመንበት ነው። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኋቸው ሁለት ብልቃጦች ነበሩኝ። አንቺም እንደ እኔ ባዶ እጅሽን የቀረሽ መስሎኝ አንዱን ላክሁልሽ። ወልደ ሰንበት ሲመለስ “ተቀብላኝ አለቀሰች፤ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች” አለኝ። ልቅሶሽ የምስጋና መሰለኝ።

መስከረም ሲጠባ የቀረችኝን ብልቃጥ እያብቃቃሁ፣ ከሚገባኝ እያጎደልሁ መውጋት ጀመርሁ። ውሃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካ አለኝ። የጻፍሁትን ከሰሌዳው ላይ ማንበብ ተሳነኝ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወደቅሁና ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ድሬሰር ሙላት ደግ ሰው ነው፤ ግን ደካማ ሰው ካየ ግሉኮስ ይሰቅላል። ጠርሙሱን ሲያንጠለጥል ዓይኔን ገለጥሁና “ጋሼ ሙላት፣ ይኼ እኮ ስኳር ነው፤ ሊጨርሱኝ ነው?” አልሁት። “መድኃኒትሽን አምጪና እሱን ልውጋሽ! እኔ ያለኝ ይኼና የወባ ክኒን ነው” ብሎ ተቆጣ፤ ጠርሙሱን ግን አወረደው። እዚያ ተኝቼም የማስበው ስለ አንቺ ነበር። እኔ የወደቅሁ፣ እሷስ እንዴት ሆና ይሆን፣ ልጅ አለባት፣ ባሏ አጠገቧ የለ፣ እያልሁ።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲጠነክር በጭነት መኪና መጣሁ። በጋ ገብቷል፤ ተራው የእኔ ነው። መካነ ኢየሱስ ስንደርስ አውቶቡሱ ሞተር አስነሥቶ ስለነበር ቤትሽ ሳልገባ ተሳፈርሁ። ስመለስ መድኃኒቷን ይዤላት እገባለሁ ብዬ ነው።

ሆስፒታል ደርሼ በመስኮቱ ስሜን ተናገርሁ። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ሣጥኑን አገላበጠና “ምኗ ነሽ?” አለኝ። ራሷ ነኝ አልሁት። “ይቺ ሴትዮ እኮ አርፋለች” አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። “እንዳልሞትሽማ ዓይኔ ያያል። ዓይኔ ግን ማኅተም የለውም። በሕይወት መኖርሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌሽ አምጪ” አለኝ።

ያን ጊዜ ሲስተር ዘርፌ፣ ያቺ መርፌ ያስተማረችን፣ ድምፄን ሰምታ ወጣች። አየችኝና አማተበች። ቢሮዋ አስገብታ የነገረችኝ ይህ ነው። መድኃኒቱ ስለቀነሰ ከሰኔ ወዲህ አዲስ ታማሚ አይመዘገብም፤ ሌላ ሰው የሚገባው አንድ ሰው ሲጎድል ነው። በነሐሴ መጀመሪያ አንቺ አቅም ያጣችውን ልጅሽን አዝለሽ መጣሽ። ልጅቱ ስኳር ተገኘባት። ቦታ የለም አሉሽ። ወጥተሽ ግቢው ውስጥ ተቀመጥሽ። ከዚያ ተመልሰሽ ገባሽና፣ ወገዳ ያለችው አበልጄ ሞታለች፣ ጎርፍ ወሰዳት አልሽ። “እንዴት አድርጋ ነበር የምታለቅስ! እኛንም አስለቀሰችን” አለችኝ ሲስተር ዘርፌ።

ጎርፍ ለምን እንደመረጥሽ ገባኝ። ሬሳ አይጠየቅበትም።

ለድንገተኛ ከተቀመጠው አንድ ብልቃጥ ሰጥታ ሸኘችኝ። ያንቺን አልጠየቅሁም። ስመለስ ቤትሽ ገባሁ። ባንቺዓለም ብቻዋን ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ጉልበቴን ሳመችና ወዲያው ወደ ኋላ ሸሸት አለች። “እትዬ፣ ተቆጡኝ?” አለችኝ። ለምን እቆጣሻለሁ አልኋት። “ሆስፒታል ሲጠይቁኝ ሞታለች ብያለሁ። እማዬ ናት እንዲህ በይ ያለችኝ። ለንስሐ አባታችን ልናገር ስል ደግሞ አፍሽን ያዢ አለችኝ” አለች። አልተቆጣሁም አልኋት። ከዚያ አፏ ተፈታ። ሽንቷ ላይ ጉንዳን መስፈሩን መጀመሪያ ያየችው ራሷ መሆኗን እንደ ጀብዱ አወራችልኝ። ጭኗን ገልጣ የመርፌውን ምልክት አሳየችኝ። “እኔ አላለቅስም፤ እማዬ ግን ያኔ አልቅሳለች አሉ” ብላ ሳቀች። ሳቋ ያንቺ ነው።

ውሃ ልታመጣልኝ ጓዳ ስትገባ ወደ ውጭ አየሁ። ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክመሽ እየመጣሽ ነበር። ደጃፉ ላይ ጫማዬን አየሽ መሰለኝ፣ ቆምሽ። ዱቄቱን አጥሩ ሥር አስቀመጥሽና በመጣሽበት ተመለስሽ። መኪናው ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ ጠበቅሁሽ።

አበልጄ፣ ልጅሽ ዓይንሽ እያየ ስትሟሽሽ ምን ማድረግ እንዳለብሽ ልፈርድ አልችልም፤ አልወለድሁም። የማይገባኝ ሌላ ነው። ለምን አልነገርሽኝም? የልጅ ድርሻ ትንሽ ናት። የሁለታችንን ለሦስት ብንካፈል ሦስታችንም እንከሳ ነበር እንጂ ማናችንም አንሞትም ነበር። ወልደ ሰንበት እንደሆነ ሲመላለስ ነው የሚከርም፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ብትጠይቂኝ እሺ እል ነበር ብዬ አልምልም። ምናልባት እምቢ እል ነበር። እምቢ ብል ኖሮ ዛሬ አንቺ ነበርሽ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የምትጽፊልኝ፤ ይገባኝም ነበር። ነገር ግን አልጠየቅሽኝም። ደግሞም ለልጅቱ ሲባል አንድ ሰው መጉደል ካለበት፣ በእጅሽ የነበረው ስም ሁለት ነው። የራስሽን አልሰጠሽም። ከሁሉ ከሁሉ የማልረሳው ግን ያን ብልቃጥ ነው። እኔ ከአፌ ነጥቄ ስልክልሽ፣ ያንቺ ሙሉ ድርሻ ቤትሽ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ተቀበልሽኝ።

ወገዳ እንደገባሁ ወደ ሊቀ መንበሩ ወደ ጓድ ሥዩም ሄድሁ። ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። “ሞተሽ ከነበረ እንግዲህ ከስብሰባ የቀረሽበትን ሁሉ ምሬሻለሁ” ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና ማን ነው ሞታለች ያለው አለኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያታለለ ሰው ምን እንደሚያገኘው አንቺም ታውቂያለሽ። የስም መመሳሰል ነው አልሁት።

የይለፍ ወረቀቱ እስኪፈቀድልኝ ኅዳር አለቀ። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤውን ይዤ ሆስፒታል ሄድሁ። ሲስተር ዘርፌ አነበበችው። ቦታሽ ይመለስልሻል አለችኝ። ግን ቁጥሩ ሙሉ ስለሆነ አንድ ሰው መውጣት አለበት፤ የሚወጣውም መጨረሻ የገባው ነው። መጨረሻ የገባችው ማን እንደሆነች ሁለታችንም እናውቃለን። ይህን ስትናገር ፊቴን አላየችም፤ እስክሪብቶዋን ነበር የምታይ።

ትንሽ ጊዜ ስጪኝ ብዬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አንቺም ነሐሴ ላይ የተቀመጥሽው እዚያው ይመስለኛል፤ ሌላ መቀመጫ የለም። ያን ቀን ያሰብሽውን እኔም አሰብሁት። ከባድ ሐሳብ ይሆናል ብዬ ነበር። አልነበረም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

ተነሥቼ ገባሁና አንቺ ስለ እኔ ያልሽውን እኔም ስለ አንቺ አልሁ፤ ሞታለች። እንባ እምቢ ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እምቢ አላለኝም። መቼ ነው አለችኝ፤ በኅዳር ሚካኤል ሰሞን አልሁ። ምን አገኛት አለችኝ፤ ንዳድ አልሁ። ያመነችኝ አይመስለኝም። ቢሆንም ካርድሽን ከሣጥኑ አወጣችና ለብቻው አስቀመጠችው። ልጅቱን ማን ያሳድጋታል አለችኝ። የክርስትና እናቷ አለሁ አልኋት።

ስለዚህ ከእንግዲህ ወደዚያ እንዳትሄጂ። በመስኮቱ ያለው ሰውዬ ፊትሽን ያውቀዋል። ክረምትም በጋም ተራው የእኔ ነው፤ ክረምት በእግሬም ቢሆን እወርዳለሁ። የባንቺዓለምን ድርሻ ሙሉውን፣ ያንቺን ደግሞ ከእኔው ከፍዬ በወልደ ሰንበት እልካለሁ። የዚህን ወር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ። የልጅቱን እንዳትነኪ። ያንቺ ያንስሻል። እያጎደሉ መውጋት እንዴት እንደሆነ ከቸገረሽ ጻፊልኝ፤ እኔ ለምጄዋለሁ።

በሕይወት አለች የሚል ደብዳቤ ከቀበሌሽ ማውጣት ትችያለሽ። አልከለክልሽም። ያን ጊዜ ግን ከሦስታችን ማን እንደሚወጣ ሲስተር ዘርፌ እስክሪብቶዋን እያየች ትነግርሻለች።

ለገና እመጣለሁ፤ የምመጣው ልጄን ላያት ነው። ቤትሽ ነውና ከደጅ አትመለሺ፤ ግቢ። ብዙ አናወራም። ይህንንም አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

መድኃኔ ዓለም ልጃችንን በጥበብ፣ በሞገስ ያሳድግልን። ባልሽን ከሄደበት በደኅና ይመልስልሽ፤ አንቺንም ከነልጅሽ ቆመሽ ያግኝሽ። ዕድሜ ይስጥሽ፣ አበልጄ። ይህን ለወጉ ያህል አልጻፍሁትም።

የባንቺዓለም የክርስትና እናት፣
አበልጅሽ