በማራገቢያው ላይ ስላደረግሁት የሰሊጥ ዘይት

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጓንግ ዳር ሰሊጥ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ
ሸሕዲ

ጉዳዩ፦ በወ/ሮ ውባንች አዛናው ላይ የተላለፈው እገዳ ተነሥቶ ጥፋቱ በእኔ ስም እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ባንተአምላክ ቢሻው፣ የማኅበሩ መዝገብ ያዥ፣ በአክብሮት የማመለክተው የሚከተለውን ነው።

1. የአባላቱ መዝገብ ያለበት አሮጌው ኮምፒውተር ከሃያ ዓመት በላይ አገልግሏል። ፕሮግራሙ በሌላ ማሽን አልከፈት ስላለን እስካሁን አልተተካም። የፓወር ሰፕላዩንና የማራገቢያዎቹን አቧራ በየሳምንቱ በብሩሽ የማጸዳው፣ ዘንጋቸውንም የስፌት መኪና ዘይት የማጠጣው እኔ ነኝ። በዚህ ሙቀት ማራገቢያው ከቆመ ማሽኑ አይተርፍም።

2. ጥቅምት 19 ቀን ዘይቱ አለቀብኝ። የልብስ ሰፊው የአቶ ትዕዛዙ ሱቅ ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም፤ ሰነፍሁ። ለናሙና ከተጨመቀው የሰሊጥ ዘይት ሦስት ጠብታ አደረግሁበት። እዚህ አገር ለሚጮኽ የበር ማጠፊያም የምናደርገው እርሱን ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም። ዘይቱ ከመጋዘኑ አቧራ ጋር ተቦክቶ እንደ ሙጫ ያዘው። በአራተኛው ቀን ማራገቢያው ቆመ፣ ፓወር ሰፕላዩም ተቃጠለ።

3. የዚያን ዕለት ጠዋት የጽዳት ሠራተኛችን ወ/ሮ ውባንች፣ እንደ ልማዳችን፣ ለሙቀቱ ወለሉን ውሃ ረጭተው ነበር። የማኅበሩ ኮሚቴ ማሽኑ ውሃ ገብቶበት ነው አለ። ፓወር ሰፕላዩን የፈታሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ውስጡ ደረቅ እንደነበረ አይቻለሁ። ዝም አልሁ። እርሳቸው ከሥራ ታገዱ።

4. ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔን ያናዘዘኝ ግን ብቅል አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ወ/ሮ ውባንች ገበያ ላይ አስቁመውኝ፣ “እንጃ ልጄ፣ ውሃው ሳላየው ፈንጥቆብህ ይሆናል፤ ይቅር በለኝ” አሉኝ። እኔም “ግድ የለም እትዬ፣ ይቅር ብያለሁ” አልኋቸው።

ስለዚህ ወ/ሮ ውባንች ከነሙሉ መብታቸው ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ፣ በእኔም ላይ ተገቢው ቅጣት እንዲወሰን አመለክታለሁ። ሃርድ ዲስኩ ደኅና ስለሆነ፣ ፓወር ሰፕላዩን ጎንደር ወስጄ በራሴ ወጪ እንዳሠራ ይፈቀድልኝ።

በመጨረሻም ይህ ማመልከቻ እርሳቸው ተጠርተው በኮሚቴው ፊት እንዲነበብ እለምናለሁ። እኔው ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ደጃቸው ድረስ ሄጄ፣ ግባ ሲሉኝ ለሰላምታ ነው የመጣሁት ብዬ ተመልሻለሁ።

ከሰላምታና ከኀፍረት ጋር

ባንተአምላክ ቢሻው
(ፊርማ)