ማቪስ በሌለችበት የፈታኋት መኪና

እኔ ኦርቪል ክሬንሾ፣ ዕድሜዬ ሰማንያ ሁለት፣ ኢንዲያና ውስጥ ከመንሲ ከተማ በስተ ምሥራቅ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ዛሬ ዓርብ ኦክቶበር 14 ቀን 2011 ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው፤ ያስገደደኝም ሆነ ያባበለኝ የለም። ሙሉ ያልሆነው ልቤ ነው። ሐኪሙ አንዱ ቫልቭ በቅጡ አልዘጋ ብሏል አለኝ፤ ዕድሜ ልኬን ቫልቭ ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ሰፊ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። በ1999 ተናድጄ ያጻፍኩት ኑዛዜ ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል።

ቃሌን የሚጽፉልኝ ወይዘሮ ኦቲሊ ፍሬይ ናቸው። ያልኩትን ሁሉ፣ የሚያቋርጡኝንም ሰዎች ቃል ሳይቀር እንዲጽፉልኝ ለምኛቸዋለሁ። ምስክሮቼ ጎረቤቴ ወይዘሮ ቨርና ሁልማንና የሃምሳ ስምንት ዓመት ጓደኛዬ ተርማን ቢዝሊ ናቸው። ልጆቼ ላይልና ናዲንም ቆመው ይሰማሉ። ለተርማን ምንም አልተውኩለትም፤ ምስክር የሆነ ሰው ከወረሰ ኑዛዜው ችግር ያመጣል ብለውኛል።

«ኧረ ባክህ! ምስክር ያደረግኸኝ ለዚህ ነዋ!» አለ ተርማን።

ይኸም ይጻፍ።

አንደኛ። ቤቱ የናዲን ነው። ትዳሯ ሲፈርስ ሻንጣዋን ይዛ የመጣችው ወደዚህ ቤት ነው፤ እናቷ በሞተች ጊዜ የእኔን ምሳ መሥራት የጀመረችውም እሷ ናት። በቆሎ የሚዘራበት አርባ ኤከር ማሳ የላይል ነው። መሬቱን ለሰጠኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰው፤ ዝናብ በከለከለኝ ዓመታት ያልኩትን ሁሉ ይቅር እንዲለኝ እለምናለሁ።

ሁለተኛ። የመቁረጫውና የብየዳው ዕቃዎቼ፣ ቁልፎቼም ሁሉ፣ ለከተማው የሙያ ትምህርት ቤት ይሰጡ። ትልቁ የብረት መብሻ ትራፓን ግን አይሰጥ። እሱን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ብትቀብሩት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱን በኋላ እናገራለሁ።

ሦስተኛ። የ1941 ዊሊስ መኪናዬ የላይል ትሁን፤ በመኪና ሩጫ ሜዳው ላይ እንደነበረችው ሆና ትታደስ። በዚህች መኪና ጉዳይ ጠብ የለም። እኛ እጅ ከገባች ጀምሮ ያላት ሥራ አንድ ነው፤ ሩብ ማይል ቀጥ ብላ መሮጥና መቆም። አንዳንዴ መቆሙንም ትረሳዋለች። ነገር ግን ላይል ሆይ፣ ስታድሳት እጅህን ሰብስብ። ቀለሙ የተንጠባጠበበትን አትሞርደው፤ የተንጋደደውን ብየዳም አታቅናው። የሠራነው ድሆች ነን፣ የሠራነውም ከሥራ መልስ ነው፤ ይህ ከፊቷ እንዳይጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ባለፈው ሚያዝያ ለልደቴ ሊያስደስተኝ ብሎ ላይል ዊሊሷን አጥቧት ነበር። በፊት መስታወቷ ላይ በነጭ የጫማ ቀለም የተጻፈ ቁጥር ነበረባት። እኛ ከመሮጣችን በፊት መኪናዋ ሩብ ማይሉን በስንት ሰከንድ ጨርሳ እንደምትገባ መስታወቱ ላይ እንጽፋለን፤ ለዚህም ከጫማ ቀለም የሚሻል የለም። የእኛን የምትጽፈው ሟች ባለቤቴ ማቪስ ነበረች፤ ነርስ ስለነበረች ነጭ የጫማ ቀለም ከቦርሳዋ አይጠፋም። ያ ቁጥር በ1978፣ ለመጨረሻ ጊዜ በሮጥንበት ቀን፣ በእጇ የጻፈችው ነው። ልጄ በሳሙና ጠርጎ አጠፋው። ቆሻሻ መስሎት ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ! ሁለት ቀን ሙሉ ሳላናግረው ቀረሁ፤ በሦስተኛው ቀን ከጎተራው ኋላ ሲያለቅስ አገኘሁት፤ ሃምሳ ዓመት የሆነው ሰውዬ። ላይል፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ያኔ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው እንጂ ወዲያው ይቅር ብዬህ ነበር።

አራተኛ። አሁን ልጆቼ ሦስት ወር ሙሉ የተኳረፉበት ነገር ላይ ደረስኩ። በ1955 የተሠራችው ሼቭሮሌት፣ በሯ ላይ «የእሑድ ስብከት» ተብሎ የተጻፈባት፣ ከ1971 ጀምሮ በጎተራው ውስጥ ቆማለች። ላይል እንደ ዊሊሷ ሁሉ እንደ ሩጫ ዘመኗ ትታደስ ይላል። ናዲን ደግሞ ለመንገድ ትስተካከልልኝ፣ ወደ ሥራዬ ልሂድባት ትላለች። የሁለቱንም ክርክር ዛሬ ጠዋት እንደገና አስደግሜያቸዋለሁ፤ እንዲህ ነው።

«አባዬ፣ እንደሷ ያለች ስንት የቀረች ይመስልሃል?» አለ ላይል። «ማንም ያልነካካት መኪና እኮ ናት! አንዴ ከቆረጥካት አለቀላት፣ አትመለስም። የድሮ ተወዳዳሪዎች በተሰበሰቡ ቁጥር የሚጠይቁኝ ስለሷ ነው። ይቺ ሬዲዮና የኩባያ ማስቀመጫ ልታስገባባት ነው የተነሣችው!»

«አዎ አስገባለሁ!» አለች ናዲን። «ማሞቂያም አስገባለሁ! ጥር ላይ በጠዋት ሆስፒታል ሥራ የሚገባው አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔን ብትጠይቁኝ...» አለ ተርማን።

«ማንም አልጠየቀህም» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ነገር ዕድሜ ልኬን የላይል ወገን ነበርኩ። የሩጫ መኪና የሞተር ድምፅ የሚያፍን ማርሚታና ማሞቂያ ገብቶላት ገበያ ስትሄድ ባይ ፊቴን አዞር ነበር። ናዲን ግን አንዲት ጥያቄ ጠየቀች። «እሺ ላይል፣ ወደ ነበረችበት ትመለስ ካልክ እስማማለሁ። ግን ወደ የትኛው ዓመት?» አለችው።

መልሱ ያለው እኔ ዘንድ ነው። አርባ ሰባት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬአለሁ፤ አሁን በምስክር ፊት እናገረዋለሁ።

ያቺ መኪና የእኔ አልነበረችም። የማቪስ ነበረች። ከማግባታችን በፊት የሌሊት ተራ እየገባች፣ የራሷን ምሳ ከቤት እየቋጠረች የገዛቻት መኪና ናት። ቀለሟ ሰማያዊና ነጭ ነበር። በ1964 በመስከረም እህቷ ወልዳ አሥራ አንድ ቀን ልታርሳት ኦሃዮ ሄደች። እሷ በሌለችበት እኔ የኋላ ወንበሯን አወጣሁ። ማሞቂያዋን ነቅዬ ጣልኩ። በሮቿንና ኮፈኗን በአሲድ አስነክሬ ቆርቆሮውን በአውራ ጣት ሲጫኑት እስኪሰረጉድ ድረስ አሳሳሁት። አካሏን የሚሸከመውን ብረት፣ ሻንሲዋን፣ በዚያ ትራፓን አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ቦታ በሳሁት። ይህ ሁሉ ክብደት ለመቀነስ ነው፤ ያተረፍኩትም የሰከንድ ሦስት አሥረኛ ነው። በእኛ ዘንድ ይህ ትልቅ ድል ነበር። የሚስቴ መኪና መሆኗ ትዝ ያለኝ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ማቪስ ስትመለስ ናዲንን አርግዛ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረቻት። ጎንበስ ብላ ባዶውን የኋላ ክፍል አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፦

«ኦርቪል፣ ሕፃኑን የት ላስቀምጠው አስበህ ነው?» አለችኝ።

አልተቆጣችም። ብትጮህ፣ ብትሳደብ፣ ሳህን ብትሰብር እንዴት በወደድኩ! እኔም «ውድድሩ ሲያልቅ ወንበሩን እመልሰዋለሁ» አልኳት። ውድድሩ አለቀ፤ ሌላው ተተካ፤ እኔም በየዓመቱ ያንኑ ቃል ደገምኩላት። እሷ እስከ ስምንተኛ ወሯ ድረስ በበረዶ ውስጥ በአውቶቡስ እየተመላለሰች ሠራች። ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺን መኪና ነድታት አታውቅም።

ደግሞ ስሙ! በሚቀጥለው ጸደይ ናዲንን በቅርጫት ይዛ ሩጫው ሜዳ መጣች። እኔ ከአጥሩ ማዶ ሆና ታፌዝብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ከቦርሳዋ የጫማ ቀለሟን አወጣችና በገዛ መኪናዋ መስታወት ላይ ቁጥሩን ጻፈችልኝ። «እንግዲህ ካበላሸሃት አይቀር፣ ቶሎ ግባ» አለችኝ። ነፍሷን ይማርና፣ እንደሷ ያለ ሰው አላየሁም። እኔ ለዚያ የተገባሁ ሰው አልነበርኩም።

ስለዚህ እንደሚከተለው ወስኛለሁ። ሼቭሮሌቷ የናዲን ትሁን፤ ለመንገድም ትሠራ። የተበሳሳው ሻንሲ ሰው አይጫንበትም፤ ጉድጓድ ያለበት መንገድ ላይ ለሁለት ይታጠፋል። ከሥሯ ሌላ ደህና ሻንሲ ይግባ። ደህና ፍሬን፣ ደህና በር፣ የደህንነት ቀበቶ፣ ማሞቂያ ይግባላት። ሬዲዮም ይግባ፤ ምላሴን ነክሼ ፈቅጃለሁ። ቀለሟ ሰማያዊና ነጭ ይሁን። የኋላ ወንበሯም ወደ ቦታው ይመለስ። የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ካለ፣ አርባ ሰባት ዓመት በዚህ በረንዳ ላይ አግዳሚ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል፤ አሁንም ተርማን ተቀምጦበታል።

«ተነሣ ልትለኝ ነው?» አለ ተርማን።

«እስክትፈርም ተቀመጥ» አልኩት።

ላይል፣ አንተን ባዶ እጅህን አልሰድህም። «የእሑድ ስብከት» የሚለው ጽሑፍ ያለባቸው ስስ በሮች፣ የተበሳው ሻንሲ፣ የሩጫ ሞተሩም ያንተ ናቸው፤ ከዊሊሷ ጎን ግድግዳ ላይ ስቀላቸው። የሚጠይቅህ ሰው ሲመጣ ሻንሲውን አሳየውና አባቴ ምን ያህል ጎበዝ፣ ምን ያህልም ጅል እንደነበር ተመልከት በለው። ክርክርህ እውነት ነበረው፤ የምትወዳትን መኪና ከእጅህ እንደወሰድኩብህ አውቃለሁ። ይህም ሳያንስ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። በዚህ አውራጃ ካንተ የተሻለ እጅ የለም። ለእህትህ የምትሠራላት አንተ ሁን። ይህን አላዝህም፤ ኑዛዜ ልብን አያዝም።

ላይል ዞሮ ወደ ጎተራው ተመለከተ። ወይዘሮ ኦቲሊም እስክሪብቷቸውን አንሥተው ጠበቁት።

«ማርሚታውን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«ሆስፒታል በር ላይ በሽተኛ የሚቀሰቅስ እንዳይሆን ብቻ» አለች ናዲን።

«ትንሽማ ይንቁ እንጂ!»

ከሦስት ወር በኋላ ሲሳሳቁ ሰማኋቸው። ተመስገን።

አምስተኛ። የዕዳ ነገር። የአንድም ሰው ብር የለብኝም፤ የምስጋና ዕዳ ግን አለብኝ። በዚያ ክረምት የአውቶቡሱ ሹፌር ሚስተር ሎውል ግሪምስ ማቪስ በበረዶው ስታዘግም ካየ በሩን ከፍቶ ይጠብቃት ነበር። እሱ ከሞተ ቆይቷል። ልጁ ግን እዚሁ ከወንዙ ማዶ ትኖራለች፤ በየዓመቱ በነሐሴ ከማሳው የመጀመሪያው እሸት በቆሎ አንድ ጆንያ ይወሰድላት። ላይል ይህን አደራ ጠብቅ።

ምክሬ አጭር ነው። የማንንም ዕቃ ባለቤቱ በሌለበት አትፍቱ። «ሲያልቅ እመልሳለሁ» አትበሉ፤ አያልቅም። የሚወዳችሁ ሰው ዝም ሲላችሁ ተስማማ አትበሉ። እኔ በብዙ ነገር ሞኝ ሆኜ፣ ከሚገባኝ በላይ ተወድጄ ኖርኩ። ለዚህ አምላኬን፣ ማቪስን፣ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ። ኦርቪል ክሬንሾ።

እኔ ቨርና ሁልማን ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሰውዬው ጤነኛ ነው። ፈርሜአለሁ።

እኔ ተርማን ቢዝሊ ከመፈረሜ በፊት የምናገረው አለኝ። ኦርቪል አወጣሁ፣ በሳሁ፣ አሳሳሁ እያለ ሁሉን በራሱ ላይ ቆልሏል። እሱ ለማቪስ ደውዬ ልጠይቃት ብሎ ነበር። «ከጠየቅሃትማ እምቢ ነው የምትልህ፣ ዝም ብለህ ፍታት» ያልኩት እኔ ነኝ። የወንበሩን ብሎን የፈታሁትም በዚህ እጄ ነው። እሱ ስሜን ሳያነሣ ቻለው፤ እኔም ፈሪ ሆኜ ዝም አልኩ። ማቪስ ሳታውቀው ሞተች፤ ይቅርታ ሳልጠይቃት ቀረሁ። ከዚህ በላይ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም። ፈርሜአለሁ።

ወይዘሮ ኦቲሊ፣ እኔ ኦርቪል ገና አልጨረስኩም፤ ወረቀቱን እንዳያጥፉት፤ ከፊርማው በታች ይህን ይጨምሩልኝ። ተርማን፣ ማቪስ ታውቅ ነበር። የተመለሰች ዕለት «ማን አስተማረህ?» አለችኝ፤ ለሷ መዋሸት ስለማልችል ነገርኳት። አንተ እኮ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ የጋገረችውን የክሬም ፓይ የመጀመሪያ ቁራሽ ከእጇ ስትበላ ኖርክ። ያን ዕለት እንዲህ ነው ያለችኝ፦ «እንደነገርከኝ እንዳትነግረው፤ ያፍርና መምጣቱን ይተዋል።» ኦርቪል ክሬንሾ። ፈርሜአለሁ።