ኤርጂየስን መረጥኩ

ውድ ሃሉክ፣

ከተለያየን ስድስት ዓመት አለፈን። በእነዚህ ዓመታት ከበዓል ሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ መጀመሪያ "ምን ሆና ይሆን?" እንደምትል አውቃለሁ። ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ። ዛሬ ከኤርጂየስ ተራራ በገዛ እግሬ፣ በበረዶ መንሸራተቻ፣ በስኪ ወረድኩ። የዚህ ነገር ትርጉም የሚገባው ሰው በዓለም ላይ አንተ ብቻ ስለሆንክ ነው የምጽፍልህ። እናቴ ብትሰማ "ብርድ እንዳይመታሽ" ከማለት አታልፍም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። በሳምንቱ መጀመሪያ ለሥራ ካይሴሪ መጣሁ። አሁንም የፍራሽ ሞላ የሚጠቀልሉ ማሽኖች እሸጣለሁ። ገዢዬ ቬይሰል የሚባል የፍራሽ ፋብሪካ ባለቤት ነው፤ ስልሳን የተሻገረ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ዋጋ ሲከራከር ሻይ በሻይ ላይ የሚያስቀዳ ሰው። የካይሴሪን ነጋዴ ታውቀዋለህ። ሦስት ቀን ሙሉ አሸኝ፤ እኔም አሸሁት። በመጨረሻ ሁለት ማሽን ብቻ ነው የምፈልገው ሲል የነበረው ሰው አምስት ገዝቶ ፈረመ። አለቃዬ ደስታውን መያዝ አቅቶት ስልክ ደወለና እስከ ሰኞ ቢሮ ድርሽ እንዳልል አዘዘኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወዲያው ቡርሳ ተመልሼ ልብስ አጥብ ነበር። ግን የሆቴሉ መስኮት ተራራውን ፊት ለፊት ያሳያል፤ ያን ነጭ ነገር ሦስት ቀን ሙሉ እያየሁ ነበር የዋጋ ክርክሬን የማዘጋጀው። ስኪ ልሂድ የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከመጣ በኋላ ግን አልወጣልኝ አለ።

የት ልሂድ? ችግሩ፣ የማውቃቸው ተራሮች በሙሉ ያንተ ነበሩ። መጀመሪያ ኡሉዳግን አሰብኩ፤ ከቤቴ ራስጌ ነው፣ መንገዱን በጨለማም አላጣውም። ነገር ግን እዚያ ጓደኞችህ አሉ። የሻይ ቤቱ እያንዳንዱ ጠረጴዛ "ነርሚን፣ ካፖርታችንን ያዢልን" የተባልኩበት ነው። ቀጥሎ ፓላንዶከንን አሰብኩ፤ ያንተን ተራራ፣ የኤርዙሩምን። "እውነተኛ በረዶ ያለው እኛ ጋ ነው፤ የሌላው አገር በረዶ ለፎቶ ነው" ትል አልነበር? እውነቱን ልንገርህ፣ የኤርዙሩም አውቶቡስ ቲኬት ልቆርጥ ስልኬን ከፍቼ ነበር። ስለ በረዶ የማውቀው ያንተን ቃል ብቻ ነዋ።

ያኔ ያ ቀን መጣብኝ። በተጋባን በሁለተኛው ክረምት እዚያው ፓላንዶከን ጫፍ ላይ አወጣኸኝና "ቀላል ነው፣ ተከተዪኝ" ብለህ ሄድክ። ቀይ ጃኬትህ እያነሰ እያነሰ ሄዶ የበርበሬ ፍሬ አከለ፤ ከዚያም ጠፋ። እኔ ከቆምኩበት አንዲት ስንዝር አልተነቃነቅኩም።  በመጨረሻ በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው ወደ ጫፍ የሚያወጣው የወንበር ሊፍት ሠራተኛ አዝኖልኝ በባዶ ወንበር አስቀምጦ መለሰኝ። ዓለም ሁሉ ወደ ላይ ሲወጣ እኔ ብቻዬን ወደ ታች። በጎኔ ያለፈ ሁሉ አየኝ።

ከዚያ ወዲህ በየማዕዱ ላይ ይህችን ታወራት ነበር፤ "በዓለም ላይ ስኪ ተጫምታ በወንበር የምትወርድ ብቸኛዋ ሴት ሚስቴ ናት" እያልክ። ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ክፉ ሰው አልነበርክም፣ ሃሉክ። ቀልዱ እንደሚያመኝ እኔ አልነገርኩህም፤ አንተም አልጠየቅከኝም። የፈለግኩት ትንሽ ነገር ነበር፤ ቀስ እንድትልልኝ። ይህችን ሳልነግርህ ዘጠኝ ክረምት እታች ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ።

ፊርማው እንዳለቀ ቬይሰል ምሳ ጋበዘኝ። ውሉ እስኪፈረም "ወይዘሮ ነርሚን" ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን እህቱ ሆኛለሁ። ኤርዙሩም ልሄድ እንደማስብ ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ።

"እህቴ፣ ኤርጂየስ ደጃፍ ላይ ቆመሽ በረዶ ፍለጋ ኤርዙሩም? ይሄ እኮ የቋንጣ አገር ካይሴሪ ተቀምጦ ቋንጣ ከኢስታንቡል ማስመጣት ነው።"

ባለቤቴ የነበረው ሰው ይህን ተራራ የነጋዴ ተራራ ይለው እንደነበር ነገርኩት። አልተቆጣም። ሻዩን ፉት ብሎ "ታዲያ አንቺ ምንድን ነሽ?" አለኝ።

ሳቄ መጣ። እውነቱን ነው እኮ! ለዚያ ሰው አምስት ማሽን የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ኤርጂየስን አንተ አላሳየኸኝም፣ ጓደኞችህ አያውቁኝም፣ እዚያ ማንም ካፖርቱን አስይዞኝ አያውቅም። በሥራዬ መጥቼ ያገኘሁት፣ ከደጃፌ የቆመ ተራራ ነው። ቬይሰል በወጣትነቱ ከዚያ ጫፍ እንደ ንስር ይወርድ እንደነበረ ሲተርክልኝ፣ እኔ ከጠረጴዛው ሥር ስልኬን ይዤ ከተራራው ግርጌ ሆቴል እየያዝኩ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አሠልጣኝ ቀጠርኩ። ጉልሱም ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ፣ ኪሷ ሁልጊዜ የሱፍ ፍሬ የሞላበት፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት። ተኪር በሚባለው ቦታ ሜዳ መሳዩ ላይ አሰለፈችኝ። ስንቴ እንደወደቅኩ አትጠይቀኝ። አንዴማ የማላውቀውን ሰውዬ ቀበቶ ይዤ አብረን ወደቅን፤ ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው። ጉልሱም አልሳቀችም። ሱፏን እየቆረጠመች፣ የስኪውን ጫፎች አገጣጥሜ ተረከዜን እንድከፍት፣ እግሬን ሳይሆን የምሄድበትን እንዳይ ደጋግማ ነገረችኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ሆነ። ተረከዜን ገፋሁ፣ በረዶው ከሥሬ ኮሽ አለ፣ ቆምኩ። ራሴው አቆምኩት! ሃሉክ፣ አንተ ሁልጊዜ የምታሳየኝ መሄዱን ነበር። ማቆም እንደሚቻል ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የማቆም ነገር ከገባኝ በኋላ መሄዱ እንደ ድሮው አላስፈራኝም። እስኪመሽ ድረስ ያችን ትንሽ ቁልቁለት እየሄድኩ፣ እየቆምኩ፣ እንደገና እየሄድኩ ዋልኩባት።

ዛሬ ጠዋት ጉልሱም ወደ ላይ ወሰደችኝ። ንፋስ ነበረ፤ ደመናው ከጫፉ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። ከወንበሩ ወርጄ ቁልቁል ሳይ ያ የፓላንዶከኑ ፍርሃቴ ተመልሶ መጣ። ዘወር ብዬ ወንበሩን አየሁ። ጉልሱም አየችኝ።

"ወንበሩ ወደ ታችም ይወስዳል፣ እህቴ" አለችኝ። "ነውር የለበትም። እኔም ስንት ቀን ወርጄበታለሁ።"

"ካልተመለስኩ፣ ቀስ ትዪልኛለሽ?"

"የምትቀድሚው አንቺ ነሽ። እኔ ከኋላሽ ነኝ። ፍጥነቱን አንቺ ምረጪ።"

ያቺ ቃል ምን እንዳደረገችኝ ልነግርህ አልችልም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በንፋሱ አሳበብኩ። ከዚያ ተረከዜን ከፍቼ ሄድኩ። ወደ ግራ፣ ቆም። ወደ ቀኝ፣ ቆም። ሰው ሁሉ በጎኔ እየተወረወረ አለፈኝ፤ ዛሬ ግን አላፈርኩም። ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ፣ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ።

መንገዱን ስናጋምስ ከዳር በረዶው ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ሰው አየን። አንደኛው ስኪ ከእግሩ ወልቋል፤ ጉንጩ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ቬይሰል ነው! የልጅ ልጆቹን ይዞ ወጥቶ ነበር፤ እነሱ ጥለውት ሄደዋል። ምን እየሠራ እንደሆነ ብጠይቀው ዕይታውን እያደነቀ መሆኑን ነገረኝ። ደመናው ውስጥ ከራሳችን አፍንጫ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

ጉልሱም ስኪውን መልሳ አስገባችለትና የበረዶ ሞተር ልጥራልህ ብላ ጠየቀችው። እሱ ግን እንደ ዕቃ ተጭኖ ከወረደ ገበያው ሁሉ እንደሚሳለቅበት ተናግሮ እምቢ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እህቴ፣ አንቺ ቀስ ነው የምትሄጂው?"

"በጣም ቀስ ነው።"

"እንግዲያው አንቺን ልከተል።"

እኔን! እኔን ልከተል አለ። ፊት ሆንኩ። እያንዳንዱ ዙር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት፤ "እዚህ ጋ በረዶው ይጠነክራል፣ እግርህን ሰፋ አድርግ" አልኩት፤ እሺ አለኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እሺ ያላለኝ ሰው። ዝቅ ስንል ደመናው ተከፈተ። ተኪር በፀሐይ ተጥለቅልቆ፣ ከታች ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ካይሴሪ ከነፋብሪካዎቿ ተዘረጋች። የመጨረሻዋ ቁልቁለት ላይ ቬይሰልን ለጉልሱም ተውኩትና ስኪዬን ቀጥ አድርጌ ለቀቅኩት። ጆሮዬ ላይ ንፋሱ አፏጨ። ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ታች ስደርስ ተረከዜን ገፍቼ፣ በረዶ አስነሥቼ፣ ቆምኩ።

የቬይሰል የልጅ ልጆች አጨበጨቡ። እሱም ከኋላዬ ደርሶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ለተሰበሰበው ሰው እኔን ከተራራው በሰላም ያወረደኝ እሱ መሆኑን አበሠረ። ጉልሱም ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ተውኩለት። ከዚህ ሰው ጋር ሰሞኑን በቂ ተከራክሬያለሁ። በኋላ ትኩስ የቋሊማ ሳንድዊች ገዝቶ ሲሰጠኝ፣ እዚያ ዳር መቀመጡን ለካይሴሪ ሰው እንዳላወራ አስማለኝ። አንተ የኤርዙሩም ሰው ስለሆንክ መሐላዬን አላፈረስኩም።

አሁን ከሆቴሉ በረንዳ ሆኜ እየጻፍኩልህ ነው። ፊቴ ተቃጥሏል፣ ጭኔ እንጨት ሆኗል፣ ደረጃ በጎኔ ነው የምወርደው። ይህን የምጽፈው ልበቀልህ አይደለም። በረዶን እንድወድ ያደረግኸኝ አንተ ነህ፤ ከታች ሆኜ ስመለከትህ እንኳ ቆንጆ ነገር መሆኑን አውቅ ነበር። ለዚያ አመሰግንሃለሁ፤ ይህንንም ሳልነግርህ ነው የተለያየነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። እህትህ ስትደውልልኝ፣ ሴት ልጅህ አምስት ዓመት ሊሞላት መሆኑንና በዚህ ክረምት ፓላንዶከን ልታወጣት ማሰብህን ነገረችኝ። ደስ አለኝ፣ ከልቤ። እዚያ ላይ ስትደርሱ ቀድመሃት አትሂድ፣ ሃሉክ። እሷ ትቅደም፤ አንተ ከኋላዋ ሁን። በጣም ቀስ ብትልም ዝም ብለህ ተከተላት።

በደህና ክረሙ። እኔ ነገ በጠዋት፣ ከአውሮፕላኔ በፊት፣ አንድ ጊዜ እወጣለሁ።

ነርሚን
ከኤርጂየስ ግርጌ