የሐሙሱ ክኒን

ውድ እታለማሁ፣

እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንዳለሽ ከማንም ይበልጥ አውቃለሁ፤ ያቃጠለኝም እሱ ነው።

ጠዋት ስልኩን የዘጋሁብሽ ኔትወርክ ተቆራርጦ አይደለም። ኔትወርኩ ደህና ነበር። «የሐሙሱን ክኒን እንዳትውጪ፣ ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» ስልሽ «ማን ነገረሽ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መልሱን በአፌ መናገር አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ጊዜ ደውለሻል። ጣቶቼን ታውቂያቸዋለሽ፤ እስክሪብቶውን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምጽፍልሽ።

ይህ ሐኪሞች ሩማቶይድ የሚሉት ቁርጥማት በአንድ ዓመት ያዘን። ጣታችን አብሮ አበጠ፣ የወር አበባችንም አብሮ ጠፋ። ለባል የማይነገረውን እኔና አንቺ እንነጋገር ነበር። አንቺ ከእንጅባራ፣ እኔ ከዳንግላ፣ በየወሩ ተራ ገብተን የሁለታችንንም መድኃኒት፣ በየሳምንቱ ሐሙስ የምንውጠውን ክኒን፣ ከባሕር ዳር እናመጣለን። «የእንጅባራችሁ፣ የቆሰበር ዝናብ እያለ አንቺ መቼም አትድኚም» እያልኩ አሾፍብሽ ነበር። ቀድመሽኝ ተሻለሽ።

ያንን የቻይና መርፌ፣ አኩፓንክቸሩን፣ የጀመርነውም አብረን ነው። ጎን ለጎን ተኝተን የመርፌው ባለሙያ ይሄይስ እነዚያን ቀጫጭን መርፌዎች በእጃችን ላይ፣ ከቁርጭምጭሚታችን በላይ፣ ከእምብርታችን በታች ሲሰካልን አንቺ ትስቂ ነበር። «ተአምር አልሠራም። ሕመሙን ሊያቀልላችሁ ይችላል፤ ክኒናችሁን ግን እንዳትተዉ» ብሎናል። በሁለተኛው ወር የሹራብሽን ቁልፍ ራስሽ ቆለፍሽ። በሦስተኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለሽ «መጣልኝ እኮ!» አልሽኝ። ከስምንት ወር በኋላ!

«እሰይ!» ብዬ አቀፍኩሽ። ግን ቀናሁብሽ። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰው እጅ፣ ለአንቺ መጣ፣ ለእኔ ቀረ። መርፌው ይሁን ክኒኑ፣ እግዜር ይወቀው። ገበያ ላይ ድንች የሞላ ዘንቢል በገዛ እጅሽ አንጠልጥለሽ ባየሁሽ ቀን፣ ምነው በተቀደደ ብዬ ተመኘሁ። ባሌ አዝመራው ስለ ልጅ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም፤ ያንቺን መዳን ሲሰማ ግን እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ያንንም በአንቺ ላይ ቆጠርኩብሽ።

በመጋቢት ተራው የእኔ ነበር። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ሁለቱን ጥቅል እየሰጠችኝ «ከሁለታችሁ የወር አበባ የምታይ አለች?» አለችኝ። ጓደኛዬ ናት አልኳት።

«እንግዲያው ንገሪያት። ይህን ክኒን እየዋጠች ማርገዝ የለባትም፤ ፅንሱን ይጎዳል። ልጅ ካሰበች አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። ካቆመችም በኋላ መጠበቅ ያለባት ጊዜ አለ።»

መድኃኒቱን አመጣሁልሽ፣ ቃሉን አስቀረሁት። መናኸሪያው ላይ ቆመሽ ስትጠብቂኝ ፊትሽ ወዝ አውጥቶ ነበር። ያንን ፊት አይቼ ጥቅሉን ብቻ ሰጠሁሽ። ለክፋቴም ምክንያት አላጣሁለትም፤ «ሁዳዴ ነው፣ ጾሙ እስኪፈታ ባልና ሚስት አይገናኙም፣ ለፋሲካ እነግራታለሁ» አልኩ። ጾምን ለቅናት መደበቂያ ያደረገ ሰው ከእኔ ሌላ አላውቅም። ሦስት ሐሙስ እንዲህ አለፈ፤ ሦስቱንም ክኒኑን ዋጥሽ።

ዛሬ ጠዋት ደወልሽልኝ። «ውቤ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። እኔና ምንይችል ጾሙን አልጠበቅነውም፣ እግዜር ይቅር ይበለን! ቀኔ ካለፈ አምስት ቀኑ። ሴት ከሆነች ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ» አልሽኝ እየሳቅሽ። ያኔ ነው የሐሙሱን ክኒን እንዳትውጪ ያልኩሽ።

እንግዲህ ማን እንደነገረኝ አወቅሽ። መቼ እንደነገረችኝም አወቅሽ።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቼ ይህን ደብዳቤ በእጅሽ እሰጥሻለሁ። ብትረግሚኝም ከደጅሽ አልሄድም። ሐኪም ቤት ድረስ ከኋላ ከኋላሽ እከተልሻለሁ፤ ቃሉን ያስቀረሁት እኔ መሆኔን ለሐኪሙም ለባልሽ ለምንይችልም በአፌ እናገራለሁ። ይቅር በይኝ ስልሽ ቅናቱ ለቀቀኝ ማለቴ አይደለም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ነገ ስደርስ የወር አበባሽ መጥቶ እንዳገኝሽ ለማርያም ጥላ ተስያለሁ። ለአንቺ ፈርቼ ይሁን አሁንም ቀንቼብሽ፣ ለይቼ ባውቀው ኖሮ ይህንንም እጽፍልሽ ነበር።

ውብአየሁ
ከዳንግላ