የአባባ የባሕር ውርንጭሎች

ለውድ ታላቅ ወንድሜ ለማኖይ ሩፊኖ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የጀርባህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ኮራሶን፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ አለን፤ አለን ከተባለ። ሁሉ ሰላም ነው ብዬ ልዋሽህ ነበር፤ ብዕሩን ሳነሳ ግን አላስችል አለኝ።

ዘንድሮ ባሕሩን ምን እንደነካው እንጃ። ውኃው ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሾርባ ይሞቃል፤ የባሕሩ ሣርም ከነሥሩ እየጠቆረ ነው። አባባ እንደ ልማዳቸው፣ ዓሣ አጥማጆቹ ያመጡላቸውን ያረገዙ ወንድ የባሕር ፈረሶች ከመንደሩ ፊት ለፊት ባለው የመረብ ጎጆ አስገቡ። "የባሕር ፈረስ ሳይወልድ የሸጠ ልጁን እንደሸጠ ነው" የሚሉትን ታውቃለህ። ጎረቤታችን ማናንግ ባሲሊያም እንደ ወትሮዋ "አይ ወንዶች! ሁላችሁም እንደነዚህ አርግዛችሁ ብታምጡ ኖሮ መንደሩ ባዶውን በቀረ!" እያለች ስታሾፍባቸው ነበር።

ጎህ ሲቀድ ፈረሶቹ ማማጥ ጀመሩ። ሆዳቸው እየተኮማተረ፣ ሽፋሽፍት የሚያህሉ ውርንጭሎች እየተፈናጠሩ ወጡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በመረቡ ቀዳዳ ሾልከው፣ በጅራታቸው ያገኙትን ቅጠል ይዘው ከውኃው ጋር ይሄዱና ጠንከር ሲሉ ወደ ሣሩ ይመለሱ ነበር። አሁን ግን አየር ውጠው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ላይ ላዩን ተንሳፈፉ። አባባ በጣታቸው ጫፍ ወደ ታች ቢገፏቸው ተመልሰው ብቅ ይላሉ። እስከ ቀትር አንድም አልተረፈም። አባባ "ባሕሩ ልጆቹን ተፋ" ብለው ጀልባው ላይ ቁጭ አሉ። እማማ ካረፉ ወዲህ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎጆውን ነቅለው ባሕሩ ውስጥ ካለው ገደል ጋ፣ ውኃው ወደሚቀዘቅዝበት ጥልቅ አወረዱት። እዚያ ለመድረስ የዓሣ አጥማጁን የኩላስን፣ ለጠላቂ አየር በቱቦ የሚልከውን ሞተር ተዋሱ። አዎ፣ ያንኑ! ወንድሙ ዳሚያን ቱቦውን ነክሶ ወርዶ ሽባ ሆኖ የወጣበትን። "ይተዉ አባባ፣ በስተርጅና!" ብላቸው "ዳሚያን የተጎዳው ሲወጣ ቸኩሎ ነው፤ እኔን ምን ያስቸኩለኛል?" አሉኝ።

የሚያስፈራኝ ምን መሰለህ? ሠራላቸው። ታች የተወለዱት አልተንሳፈፉም፤ እርስ በርስ በጅራት ተያይዘው ይዋኛሉ፣ አንዳንዶቹም ጥፍር አክለዋል አሉ። ቢሞቱ ኖሮ ይተዉት ነበር። አሁን ከየደሴቱ ያረገዘ ወንድ ያገኘ ሁሉ ወደ እኛ ይቀዝፋል፤ አባባም አንዱንም አይመልሱም። በየቀኑ ይወርዳሉ።

ትናንት ሲወጡ ከጀልባው መነሳት አቃታቸው። እግራቸውን በቡጢ እየደበደቡ "ተኝቶብኝ ነው" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አላማረኝም። እስካሁን ላይ ሆኖ ሞተሩን ይይዝላቸው የነበረው ኩላስ ይህን አይቶ "የአባትሽን ደም በእጄ አላደርግም" ብሎ ሞተሩን ጥሎልን ሄደ። አሁን ሞተሩን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ማኖይ። እምቢ ብል "ብቻዬን አስነስቼ እወርዳለሁ" ብለውኛል፤ ብቻቸውን ወርደው ሞተሩ ቢጠፋባቸውስ? ፈራሁ።

እባክህ ና። የእኔን ቃል እንደ ሕፃን ለቅሶ ነው የሚቆጥሩት፤ አንተን ግን ያፍሩሃል። የሙዝ እርሻው ሥራህ ይደርሳል፣ አባት ግን አንድ ነው።

ኮራሶንን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። የትንሹን የቤኒቶን ጉንጭ ሳምልኝ፤ ለትልቋም አክስትሽን ናፍቀሻታል በልልኝ። ማናንግ ባሲሊያ "ያ ልጅ ረሳን እንዴ?" ብላሃለች። ኩላስም አፍሮ ነው እንጂ ሰላም በይልኝ ብሏል። አባባ ሰላምታቸውን በገዛ እጃቸው ሊጽፉልህ ብዕሩን ተቀብለውኝ ነበር፤ ጣታቸው አልታዘዝ ቢላቸው መልሰው ሰጡኝና "ደህና ነኝ በዪው" አሉኝ።

እህትህ ቴክላ
ካንቱባ፣ ቦሆል
ሜይ 17 ቀን 1998