የአሮጌዋ ፕሪንተር ስም

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ በረታልሽ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ ወይስ ሕፃኗ ቤቱን በአንድ እግሩ ታቆመዋለች? የእማዬ ጉልበትስ? የባለቤትሽ ሳልስ ለቀቀው? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። እንዲያውም ወፍሬያለሁ፤ ፎቶ ስልክልሽ እንዳትስቂ።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። ሕፃኗ አምስት ሳምንት ሞልቷት እስካሁን ስም የላትም። እማዬ በሞተችው በታላቋ ልጅሽ ስም ትጠራ፣ ሐዘኑም ይረሳልናል ትላለች። ባለቤትሽ አፉን ለጉሞ ቁጭ ብሏል። አንቺ ደግሞ ያን ስም በጠራሽ ቁጥር የትኛዋን እንደምትጠሪ እንዳይጠፋብሽ ፈርተሽ፣ አንተ ያልከው ይሁን ብለሽ ነገሩን እኔ ላይ ጣልሽው። ጫማ ለመምረጥ ግማሽ ቀን በሚፈጅ ሰው ላይ!

መልስ አለኝ፤ ግን ያገኘሁት ከፕሪንተር ነው። ልጁ አበደ እንዳትዪኝ፣ ታግሰሽ አንብቢልኝ።

የምሠራበት ሆስፒታል ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ፕሪንተሮች አሉት፤ ሁሉም በአንድ ኔትወርክ የተያያዙ ናቸው። ሥራዬ እነሱን በኮምፒውተር መከታተል ነው። ሥራ በጀመርኩ ቀን አሠልጣኜ የምንከታተልበትን ሶፍትዌር ከፈተልኝ። ሰውዬውን ጋሽ መነጽር ነው የምንለው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ሲፈልገው ይውላል። አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ ማን ማን አለ ብሎ እንደ መጣራት ነው። ደቂቃ ሳይሞላ ከፋርማሲው፣ ከማዋለጃው፣ ከካርድ ክፍሉ እየተከታተሉ ስክሪኑ ላይ ተሰለፉ። ምድር ቤት ካርቶን ተከምሮባት ሰው ከረሳት አራት ዓመት የሆናት አንዲት ፕሪንተር እንኳ አለሁ አለች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እያንዳንዷ በሦስት ነገር ትታወቃለች። ስሟን እኛ ነን የምንሰጣት። አድራሻዋ በኔትወርኩ ላይ ያላት ቦታ ነው፣ ሊለወጥ ይችላል። ሦስተኛው ግን ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ የተሰጣት ቁጥር ነው፤ ብትዛወርም፣ ስሟን ብንለውጠውም አብሯት ይኖራል። ያን ቁጥር የያዘች ሌላ የለችም አለኝ ጋሽ መነጽር። አላመንኩትም። ምሳዬን ትቼ በየክፍሉ እየዞርኩ፣ ከጀርባቸው የተለጠፈውን ቁጥር ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አመሳከርኩ። ነርሶቹ ይሄ ሰውዬ ምን ጠፍቶት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እትዬ፣ አንድም የተደገመ አጣሁ። የፕላስቲክ ሣጥን እኮ ነው! እንዲያም ሆኖ እሷን ራሷን የሚያደርጋት ነገር አላት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ መሥራት አቃተኝ።

ባለፈው ወር የካርድ ክፍሉ ፕሪንተር ሞተች፤ ሰባት ዓመት አገልግላለች። አዲስ መጣችና እኔ ሰነፉ፣ ማን እንደገና ይመዘግባል ብዬ የአሮጌዋን ስም ሰጠኋት። መዝገቡን ደግሞ ሶፍትዌሩ በስም እንዲያያይዝ አድርገነው ነበር። የሟቿ በሽታ ሁሉ፣ የታነቀችበት ወረቀት፣ የተጠገነችበት ቀን፣ ምንም በማታውቀው በአዲሷ ላይ ተቆለለ። የካርድ ክፍሉ ጸሐፊም ስሙን ስክሪኗ ላይ ስታይ፣ ይቺ ድሮም ወረቀት ታኝካለች እያለች ገና ሳትሳሳት በጥፊ ትላት ጀመር። በመጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ መዝገቡን አይቶ ጤና የላትም፣ ትወገድ ብሎ ጻፈ። ከመጣች አሥር ቀኗ ነበር።

ጋሽ መነጽር ቁጥሩን ሲያይ ሁለት መሆናቸው ወዲያው ገባው። ለአዲሷ የራሷን ስም አውጥቶ ባዶ መዝገብ ከፈተላት። አሮጌዋን ልሰርዛት ስል ግን እጄን ያዘኝ። ሰባት ዓመት ያተመችው ወረቀት በሰው እጅ ነው፣ እሷን ብታጠፋ ያ ሁሉ የማን ሊባል ነው አለኝ። አገልግላ አልፋለች የሚል ጽፎባት፣ በስሟ፣ በቦታዋ ተዋት። ዛሬም ዝርዝሩን ስከፍት አያታለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሳምንቱ ነው። እናም እትዬ፣ ትንሿን በታላቋ ስም አትጥሯት። ባነጠሳት ቁጥር ያቺንም እንዲህ ነበር የጀመራት እያላችሁ ግንባሯን ስትዳስሱ ትኖራላችሁ። ልጅቷ ገና ምንም አልሆነችም። ታላቋም ብትሆን ስሟን ለማንም ልትለቅ አይገባትም። ይህን ለእማዬ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ አንጀቷ እንዳረረ አውቃለሁ፣ እንዳትቀየመኝ ጉልበቷን ስሜ ነው የምለምናት።

ከደብዳቤው ጋር አራት ቦታ የታጠፈች ብጣሽ ወረቀት አለች። ለሕፃኗ የመረጥኩላት ስም እዚያ ላይ ነው። በቤታችን እስከ ዛሬ ማንም አልተጠራበትም። ካልወደድሽው ቅደጂውና ሌላ አውጪላት፣ ብቻ አዲስ ይሁን።

ለእማዬ የናፍቆት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለባለቤትሽ፣ ዝምታው እንዳለ ሆኖ፣ ሳሉን ይታከም በይልኝ። ሕፃኗን በአዲሱ ስሟ ጠርተሽ በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ።

እትዬ፣ ታላቋ ከሞተች ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እንዳትከፊ ብዬ ከሰላምታው እዘላት ነበር። ከእንግዲህ አልዘላትም። ለታላቋም፣ በስሟ፣ ሰላምታዬ ይድረሳት።

ወንድምሽ

ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከጥገና ክፍል
ኅዳር 14 ቀን